የአልማዝ ምስጋና

ኅዳር 19 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ጎፋ

ብስራተ ገብርኤል ተሳልሜ ስመለስ ልጄ ትዕግስት የምስጋናውን ደብዳቤ ጽፋ ጠበቀችኝ። ከውጭ አገር ወጪዋን ችለው የሚያስተምሯት ፈረንጇ ሴትዮ ዘንድሮም ሹራብና ጫማ ልከውላታል። የእርዳታ ድርጅቱ ቢሮ ደብዳቤውን ነገ ይፈልጋል።

«አንብቢልኝ» አልኳት። ጊፍት ስጦታ ነው፣ ጀነረስ ቸር፣ ግሬትፉል ውለታ የማይረሳ እያለች ታስረዳኝ ጀመር። መሐል ላይ «ማይ ማዘር» ስትል ሰማሁ። እሱን እንኳ እኔም አውቀዋለሁ።

«እናትሽ ምን?»

«እናቴም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ትላለች ነው የሚለው። ካምናው ነው የገለበጥኩት። ቲቸር ያረሙት ስለሆነ ስህተት የለውም አባዬ።»

አልማዝ ካረፈች ስምንት ወሯ ነው።

«አርፋለች ብለሽ አስተካክይው» አልኳት።

«በምስጋና ላይ ሞት ይጻፋል እንዴ? ሌላ ጨምሩልን ያልን ይመስላል።»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ! ግን እውነቷን ነው። ብናገረው በሚስቴ ሞት መለመኔ ነው። ብተወው ደግሞ እኒያን ደግ ሰው መዋሸቴ ነው፤ ያውም ዛሬ፣ ከመልአኩ ደጅ መጥቼ።

ከታች የወላጆች ፊርማ ቦታ አለ። የራሴን ፈረምኩ። የጎኑ ባዶ ነው።

«አንተው ፈርምላት። ብትኖር ታመሰግን አልነበር?» አለችኝና ጀሪካኗን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

እስካሁን አልተመለሰችም። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። የአልማዝ ፊርማ አያስቸግርም፤ በመሠረተ ትምህርት የተማረችውን ስሟን በትልልቁ መጻፍ ብቻ ነበር…