ዞር ያላለችው መርከብ

መርሳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስዐብ ኢስሐቅ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ልጄ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ዘሀራን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ እኔን መቆጣቱን አልተወችም። ማሽላው ዘንድሮ ደርሶልናል። ይህን ወረቀት ጂዳ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለሙጃሂድ ሰጥቼዋለሁ። የእጅ ጽሑፌን ስታይ ሰው የሞተ መስሎህ እንዳትደነግጥ፤ ማንም አልሞተም።

ባለፈው የገበያ ቀን እህትህ ዙልፋ ጉድ ሠራችኝ። «አባባ፣ ዛሬስ ፊልም ላሳይዎት» ብላ ጎትታ ፊልም ቤት አስገባችኝ። በዚህ ሽበቴ! ከኋላ ተደብቄ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ጀልባው ተሰብሮበት ባሕር ላይ ብቻውን ስለቀረ ሰው ነው። ወሬ የለበትም፤ ውሃና ሰማይ ብቻ። ግን ሙስዐብ፣ እንዴት ያምራል መሰለህ! ጎህ ሲቀድ ሰማዩ እንዳለ ውሃው ላይ ይወርዳል፤ ሰውየው ደመና መሃል የተንሳፈፈ ይመስላል። እኔ ከሐራ ሜዳ የሰፋ ነገር አይቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ፤ አንተ በጀልባ የተሻገርከውን፣ ልጄን ሊበላብኝ ይችል የነበረውን ውሃ አማረ ማለቴ ምን ይባላል?

የሚጠጣው አልቆ ከንፈሩ ሲሰነጣጠቅ፣ ሳላስበው እጄን ዘርግቼ «ያ ረቢ፣ ለእናቱ አብቃው!» አልኩ። ጮክ ብዬ! ዙልፋ «አባባ፣ ተዋናይ እኮ ነው» ብላ ጎሸመችኝ። ተዋናይ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ግን ቤቱ ሙሉ «አሚን!» አለ። አንድም የሳቀ የለም። እዚህ አገር ልጁን ለዚያ ባሕር ያልሰጠ ማን አለ?

ከዚያ አንዲት ትልቅ መርከብ መጣች። ሰውየው ሸሚዙን አውልቆ እያውለበለበ ተጣራ። ዞር ሳትል አለፈች። ቤቱ በእርግማን ተናወጠ፤ ከሁሉ አብልጬ ካፒቴኑን የረገምኩት እኔ ነኝ።

ሰውየውስ በመጨረሻ ተረፈ። ስንወጣ ዙልፋ ለእሷ ብቻ የነገርካትን ነገረችኝ። ለካ የእናንተም ጀልባ ሞተሩ ጠፍቶ ሁለት ቀን ባሕር ላይ ውላችሁ አድራችኋል። «ጉዞው ቀላል ነበር» ያልከው እንዳንሸበር ብለህ ኖሯል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልትሳፈር ስትል ከጅቡቲ ዳርቻ ደውለህ «አባባ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» አልከኝ። እኔ «ማንን አስፈቅደህ ሄድክ?» ብዬ ስልኩን ዘጋሁብህ። ለማላውቀው ሰው፣ ለዚያውም ለተዋናይ፣ ያደረግኩትን ዱዓ ለገዛ ልጄ ነፈግኩት። ካፒቴኑን ስረግም ለካ ራሴን ነው። ጁምዓ ጁምዓ ስትደውል፣ እናትህ ስልኩን ስታቀብለኝ «ከብቶቹን ላጠጣ» እያልኩ የምወጣው ተቆጥቼ እንዳይመስልህ። አፍሬ ነው።

አፉ ብዬሃለሁ ልጄ። አንተም እኔን አባትህን አፉ በለኝ።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፤ ከእጅህ በረካ አይጥፋ፤ ያ ያላደረግኩልህ ዱዓ ዛሬም ቢሆን ይድረስህ። በሰላም ለዓይናችን ያብቃህ።

በሚመጣው ጁምዓ ከብቶቹን ዙልፋ ታጠጣለች። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።

አባትህ ኢስሐቅ