አጥሚት የማይወደው በሽታ

ለክቡር ቀኛዝማች አየለ፣
የከተማ ሠራተኞች ጥፋት መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? ጉንፋን አጠገብዎ አይድረስ፣ ጉልበትዎን ብርድ አይግባው፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ደህና ይሁኑልኝ እያልኩ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎን በባዶ እጄ በመጠየቄ ግን ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ በእኛ በኮልፌ የሹም ጤና በባዶ እጅ መጠየቅ ከቀረ ሰንበት ስላለ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ፈርቻለሁ።

እኔ ተክለማርያም የምባል፣ ከኮልፌ ገበያ በላይ የምኖር፣ በሙያዬ ልብስ ሰፊ፣ በጎረቤቶቼ ፈቃድ ደግሞ የዕድር ዳኛ ነኝ። የዕድር ዳኛ ሥራው ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የታመመውን ማስጠየቅ፣ የሞተውን ማስቀበር ነው። በዚህ ደብዳቤ የማነሣውም ጉዳይ ከዚሁ ሥራዬ አይወጣም፤ ስለ አንድ በሽተኛ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

ምስጋናዬ ግን ይቅደም። ክቡርነትዎና የኮሚቴው አባላት በከተማው ሠራተኞች ላይ የሚሰማውን ክስ ለማጣራት በዚህ ዝናብና በዚህ ጭቃ ለጫማችሁ ሳትሳሱ ኮልፌ ድረስ በመምጣታችሁ ሰፈሩ ሁሉ ተደንቋል። መኪናችሁ ጭቃ ውስጥ ስትያዝ የገፋናት እኛ ነን፤ ስትመለሱም ገፍተናታል። በቁጥር የማቀርብልዎ አቤቱታ በእነዚህ በሁለቱ ግፊያዎች መካከል ስለተደረገው፣ ከዚያም በፊት ስለነበረው ነው።

፩ኛ. የሰፈራችን የቤት ማደሻ ፈቃድ ክፍል ሹም አቶ ዳኛቸው በሽተኛ ናቸው። ጣሪያው የሚያፈስበት፣ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ወይም ለሱቁ መስኮት ማውጣት የፈለገ ሰው ማመልከቻ ይዞ ሲመጣ፣ አቶ ዳኛቸው በዚያው ዕለት ይታመማሉ። ቢሯቸው ይዘጋል። ጉታ የሚባለው ዘበኛቸውም በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ አሟቸዋል፤ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቋቸው» ይላል። ማመልከቻ ያልያዘ ሰው ሲያገኛቸው ግን ፊታቸው የፈካ፣ ሳቃቸው ከገበያው ማዶ የሚሰማ ጤነኛ ሰው ናቸው። ሐኪም ስላልሆንኩ የበሽታውን ስም አላውቀውም።

፪ኛ. መጀመሪያ ታመሙ ሲባል ከልቤ አምኜ ነበር። ስለዚህ እንደ ወጉ ባለቤቴን አጥሚት አስፈልቼ፣ ሁለት ሽማግሎች አስከትዬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። እዚያም በር ላይ የቆመው ጉታ የዕቃውን ክዳን ከፍቶ አየና ራሱን በሐዘን እየነቀነቀ፣ «ጋሽ ተክሌ፣ ይሄ በሽታ እኮ አጥሚት አይወድም» አለኝ። የሚወደውን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብንም። በግ ይወዳል፤ ነጭ ማርም ይወዳል። በጉ ግቢ ገብቶ ጥቂት ከሰነበተ በኋላ ጉታ መልሶ ገበያ ያወጣዋል፣ ሌላው ባለጉዳይ ይገዛዋል፣ በጉም ተመልሶ ይገባል። ጆሮው የተቀደደ አንድ ነጭ በግ አለ፤ አቶ ዳኛቸውን ደጋግሞ ከመጠየቁ የተነሣ ገመዱን ቢለቁት ብቻውን ሊደርስ የሚችል ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን የምጽፈው እየሳቅሁ እንዳይመስልዎ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ሹም ሲበላም አዲስ ነገር አልሆነብንም። እኚህ ሰው ግን የበሉት በጉን ብቻ አይደለም፣ የታመመ መጠየቅ የሚባለውን ደግ ልማዳችንን ጭምር ነው። ዛሬ በሰፈራችን አንድ ሰው ታመመ ሲባል፣ ሰው ከማዘኑ በፊት ምን ፈልጎ ይሆን ብሎ ይጠራጠራል። ባለፈው ወር አንድ ሽማኔ ጎረቤታችን እውነተኛ የሳንባ ምች ይዞት ሲያቃስት የሚጠይቀው ያጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

፫ኛ. አሁን ወደ ወይዘሮ እሙ ልምጣ። ወይዘሮ እሙ ባሏ የሞተባት፣ ከአንዲት ልጇ ከኮከብ ጋር በጭቃ ቤት የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ጣሪያዋ ልክ ከአልጋው በላይ ስለሚያፈስ ክረምቱ ሳይጠና ቆርቆሮውን ለማስጠገን ፈቃድ ጠየቀች። አቶ ዳኛቸውም እንደ ልማዳቸው ታመሙ።

እሙ ጴንጤ ከሚባሉት ወገን ናት። እኔ የአባቶቼን ሃይማኖት የያዝኩ፣ ማኅበሬን የምጠጣ ሰው ነኝ፤ የእነሱ ጩኸት የበዛበት ጸሎት ለጆሮዬ አይመቸውም፣ ይህንንም ለራሷ ነግሬያታለሁ። ነገር ግን በኮልፌ ሁሉ አቶ ዳኛቸው አሟቸዋል የሚለውን ቃል እንደ ቃልነቱ የተቀበለች ሴት እሷ ብቻ ሆና ተገኘች። በግ የላትም፣ ማርም የላትም፤ ስለዚህ ሁለት የእምነት ጓደኞቿን ይዛ ሄደችና፣ ጉታ ምን እንደያዙ ለማየት ሲንጠራራ በአጠገቡ አልፈው ገቡ። አቶ ዳኛቸው በአልጋቸው ላይ እንዳሉ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩላቸው ጀመር። ሰውየው አልታመምኩም እንዳይሉ ታመዋል፤ ታምሜአለሁ ብለው እንዳይተኙም ጸሎቱ የሚያስተኛ አልነበረም። በመጨረሻ መገላገያ ሲያጡ ከአልጋቸው ዘለው ተነሡ።

እሙ ደስታዋን መያዝ አልቻለችም። ወደ መንገድ ወጥታ፣ «ጌታ ይመስገን! አቶ ዳኛቸው ድነዋል! በእግራቸው ቆመዋል!» እያለች ለሰፈሩ አበሠረች። በዚያች ሰዓት ነጋዴው ሰይፈዲን ለሱቁ መስኮት ፈቃድ ፈልጎ ያንኑ ጆሮው የተቀደደ በግ እየጎተተ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ቆም ብሎ አሰበና፣ «አልሐምዱሊላህ! ከዳኑማ በጉን ልመልሰው» ብሎ ዞረ። ከኋላው የነበሩትም ዞሩ። አንድ ሹም በኮልፌ እንደዚያ ቀን ተዋርዶ አያውቅም፣ ያዋረደው ሰው ግን ማዋረዱን ጨርሶ አላወቀም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የክፍሉ ዘበኞች መሰላል ይዘው መጡና የእሙን ጣሪያ ገፈው ቆርቆሮውን በጋሪ ጭነው ሄዱ። ምክንያቱ «ያለ ፈቃድ የታደሰ ቤት» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ ያ ቤት ቢታደስማ ኖሮ አያፈስም ነበር። ክዳን የሌለው የጭቃ ግድግዳ የሐምሌን ዝናብ ምን ያህል እንደሚችል ለክቡርነትዎ ማስረዳት አይገባኝም፤ ሳምንት ሳይሞላው ወደ መጣበት አፈር ተመለሰ። ዕድሩ የልቅሶውን ድንኳን አውጥቶ በፍርስራሹ ላይ ተከለላትና እናትና ልጅ እዚያ ውስጥ ናቸው። አላፊ አግዳሚው የሞተ ሰው ያለ እየመሰለው ባርኔጣውን አውልቆ ይገባና «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይቀመጣል። እሙም የሞተ እንደሌለ አስረድታ ትሸኛለች። ኮከብ በእርጥበቱ ሳል ጀምሯታል።

፬ኛ. እንግዲህ ክቡርነትዎ የደረሱልን በዚህ መካከል ነው። ሕዝቡ በክፍሉ ግቢ ተሰብስቦ ሳለ የኮሚቴው ጸሐፊ ተነሥተው፣ ጉቦ የሰጠም የተቀበለም እኩል እንደሚቀጣ በሚያምር ድምፅ ካስታወቁን በኋላ፣ ጉቦ የሰጠ ሰው ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። አንድም እጅ አልወጣም። ክቡርነትዎም የሕዝቡን ንጽሕና አይተው በእርካታ ፈገግ አሉ። ሕዝቡ ግን አልዋሸም። በኮልፌ ጉቦ ሰጥቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁላችንም የሰጠነው መጠየቂያ ነው። የታመመ የጠየቀ እጁን ያውጣ ብትሉን ኖሮ ግቢው ጫካ ይመስል ነበር።

ብቻዋን የተነሣችው እሙ ናት። እሷም፣ «እኔ ምንም አልሰጠኋቸውም፤ ጸለይኩላቸው እንጂ» አለች። ብዕራችሁ ወረቀቱን የነካው ያን ጊዜ ነው። ተከሳሹ አቶ ዳኛቸው በዚያ ቀን አገርሽቶባቸው ስለነበር ቃላቸውን ለመቀበል ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠየቃችኋቸው። እንደ ሌላው ጠያቂ ሁሉ እናንተም ባዶ እጃችሁን አልገባችሁም፤ የእሙን ጉዳይ ይዛችሁ ገባችሁና እዚያው ትታችሁት ወጣችሁ።

፭ኛ. ውሳኔያችሁን በክፍሉ በር ላይ ተለጥፎ አንብበነዋል። አቶ ዳኛቸው ምንም ጥፋት ስላልተገኘባቸው ፍል ውሃ ሄደው እንዲታጠቡ የሕመም ዕረፍት ተፈቅዶላቸዋል። ወይዘሮ እሙ ግን የታመመ የመንግሥት ሠራተኛ ዕረፍት በመንሳትና ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ በመጸለይ በጽኑ ተገሥጻለች። በዚህ ሁሉ ምርመራ ጥፋተኛ ሆና የተገኘችው በኮልፌ አንዲት ቅንጣት ያልሰጠችው ሴት ብቻ ናት። እኔም አንብቤ ስጨርስ የተሰማኝ ቁጣ አይደለም። የበሰበሰ ሥጋ የሸተተው ሰው እንደሚሆነው አፍንጫዬን ይዤ ነው ከበሩ የራቅሁት፤ ዛሬም በዚያ በኩል ማለፍ ተጸይፌ ወደ ገበያ የምወርደው በሌላ መንገድ ነው።

ሆኖም ዳግመኛ መርምሩ ብዬ አላስቸግርዎትም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዕድራችን ኦቦ ገሜዳ የሚባሉ እጅግ ያረጁ ሰው አልጋ ላይ ውለዋል። እሳቸው ያረፉ ዕለት ያለችንን አንዲት ድንኳን ከእናትና ከልጅ ራስ ላይ ነቅለን ለልቅሶ መትከል ግዴታችን ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ ወይ የእሙን ቆርቆሮ ያስመልሱላት፣ ወይ ደግሞ ኦቦ ገሜዳ መስከረም ሳይጠባ እንዳይሞቱ ማኅተም ያለበት ትእዛዝ ይስጡልን። ይህን ለራሳቸው ብነግራቸው እየሳቁ፣ «እስከ መስከረም እሞክራለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን ለመንግሥትም ቃል አልገባም» ብለውኛል። ከክቡርነትዎ ኮሚቴ ይልቅ ለእሙ ያሰቡላት እኚህ ሊሞቱ የተኙ ሽማግሌ ናቸው።

ለፍርድዎ ጥራት፣ ለዓይንዎ ርኅራኄ፣ ለጆሮዎም ምርጫ ያለኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል አጥሮኝ፣ መኪናዎ ዳግመኛ ወደ ኮልፌ ብትመጣ ለመግፋት ዝግጁ መሆኔን እያረጋገጥሁ፣ ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣

ተክለማርያም
የኮልፌ የሰፈር ዕድር ዳኛ
ሐምሌ ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ በአቶ ዳኛቸው ግቢ ቃል ስትቀበሉ ዶፍ ዝናብ ወርዶ፣ ክቡርነትዎና አባላቱ በአዲሱ ዳስ ሥር መጠለላችሁን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ እየበሰበስኩ አይቻለሁ። የዳሱ ክዳን የእሙ ሟች ባል በእጁ አረንጓዴ የቀባው ቆርቆሮ ነው። ጸሐፊዎ በእጅጌያቸው ሲጠርጉት የነበረው፣ በወረቀታችሁ ላይ ጠብ እያለ ቀለሙን ያበላሸባችሁ ውሃም እሙ ለመድፈን ፈቃድ በጠየቀችበት ቀዳዳ የገባ ነው። በዚያ ቀን ከእሙ ሌላ ከፊታችሁ ቀርቦ እውነቱን የመሰከረ ይህ ውሃ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎን ቃሉን ይመዝግቡልን።