ኤዶ ሆዳን የሰጧቸው አራት ፍየሎች

ሰኞ

ለማንም አትንገሩብኝ እንጂ ጎረቤቴን ከእህል እርዳታ ያሰረዝኳቸው እኔ ነኝ።

ዛሬ ቀበሌ ስብሰባ ነበር። እርዳታ የሚያገኙ ሰዎች ስም ይነበባል፣ ሕዝቡ አስተያየት ይሰጣል። «ሆዳን» ሲባል ዝም ብል ምን ነበረበት? ተነሳሁ። ኤዶ ሆዳን (ጅግጅጋ ሠፈራችን ሁሉ አክስቴ ለማለት «ኤዶ» ይላቸዋል) ባል የሞተባቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ናቸው አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ። ደግነታቸውን ላስረዳ ብዬ፣ ባለፈው ወር አራት የሚታለቡ ፍየሎቻቸውን ለእህታቸው መስጠታቸውን ጨመርኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ስማቸው ተሰረዘ።

ማክሰኞ

ሰብሳቢውን ቢሯቸው ሄጄ ለመንኩ። ክፉ ሰው አይደሉም። መመሪያው ግን፣ ምዝገባ ሲቃረብ ንብረቱን ለዘመድ ያስተላለፈ ሰው ንብረቱ በእጁ እንዳለ ይቆጠራል ይላል። አምና ስንቱ ከብቱን ወንድሙ በረት አስገብቶ፣ ዱቄቱን ተቀብሎ፣ ከብቱን መልሶ ነዳ አሉኝ። ውሸት አይደለም። አንዱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ስሙን አልጽፍም።

ቅሬታ እስከ ዓርብ ነው። ፍየሎቹ የምር የእህትየዋ መሆናቸውን የሚያውቅ ምስክር ያስፈልጋል።

ወሬው ሱቅ በር ላይ ቀድሞኛል። ባለሱቋ፣ «ዝርዝሩ በተዘጋ ማግስት ፍየሎቹ በራሳቸው እግር ይመለሳሉ» እያለች ታሥቃለች።

ረቡዕ

እየፈራሁ ኤዶ ሆዳን ቤት ሄድኩ። ልብስ ያጥባሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አጠገባቸው አስቀምጠው አንሶላ አስጨመቁኝ። ፍየሎቹን ለጊዜው አስመልሰው ሁለቱን ቢሸጡስ አልኩ።

«የእህቴን መንጋ ድርቅ ጨረሰው» አሉኝ። «የሚታለብ ካልላክሁላት፣ ነገ የእኔ ሲያልቅ ለእኔ ማን ይልካል? የሰጠሁትን መልሼ ጠይቄ አላውቅም።»

የእርሳቸው ፍየል ግን ዛሬውኑ አልቋል። ቤት ያለው ዱቄትም ቢበዛ እስከ እሑድ ነው።

ሐሙስ

ሳልነግራቸው በሚኒባስ እህታቸው ወዳለችበት የድንበር ከተማ፣ ቶጎጫሌ ሄድኩ። ጉልበቴ ላይ የሰው የስኳር ከረጢት ተቀምጦብኝ።

እህታቸውን ሳህራን ከከተማው ወጣ ባለ ስፍራ አገኘኋት። ከአራቱ ፍየሎች አንዷ ሞታለች። የሦስቱ ወተት ተደምሮ ለስድስት ልጆች አንድ ጣሳ አይሞላም። የመጣሁበትን በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ስነግራት ተነሥታ ገመድ ፈለገች፤ ፍየሎቹን ይዛ ልትከተለኝ። ደነገጥኩ። ፍየል እየነዳን ጅግጅጋ ብንገባ የባለሱቋ ወሬ እውነት ሆነ ማለት ነው።

«ፍየሎቹን ተያቸውና አንቺ ነይ» አልኳት። ፍየሎቹ ሲሰጡ በቦታው የነበሩትን ሽማግሌም መጥተው እንዲመሰክሩ ለመንን፤ እሺ አሉ።

ዓርብ

ኤዶ ሆዳን እህታቸውን የቢሮው በር ላይ ሲያዩ፣ ዞረው ያዩኝ እኔን ነው። ያን ዓይን አልረሳውም።

ሽማግሌው መሰከሩ፤ መንጋው ያለቀበትን ዘመድ የሚታለብ ሰጥቶ ማቋቋም የአባት ወግ ነው፣ አይመለስም አሉ። ቀጥሎ ሳህራ በሶማሊኛ ተናገረች፤ ፈጥናብኝ ስላልተከተልኳት ጸሐፊው በአማርኛ ነገረኝ፦ «እህቴ ተርፏት አልሰጠችኝም። ሰው መሰረዝ ካለበት እኔን ሰርዙኝ።»

ይኼኔ ሰብሳቢው፣ እሷ ቶጎጫሌ እርዳታ ትቀበል እንደሆነ ጠየቁ። ትቀበላለች። ታዲያ ሦስቱ ፍየሎች አሁን በእሷ ስም ሊቆጠሩ ነው? አንዷን ከጣጣ ላወጣ ሌላዋን አስገባሁ? ሰብሳቢው፣ ለቶጎጫሌም እጽፋለሁ፣ የእናንተ ሰኞ ይለጠፋል ብለው ዶሴውን ዘጉ።

ኤዶ ሆዳን መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። በራቸው ላይ ሲደርሱ ግን፣ «ሰኞ ጠዋት ነይ፤ ዝርዝሩን አንቺ ታነቢልኛለሽ» አሉኝ።

እሄዳለሁ። መጀመሪያ የእርሳቸውን ስም እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ቶጎጫሌ ሄጄ የሳህራን። ሁለቱም ኖሩ፣ አንዱ ጎደለ፣ ያየሁትን እንዳለ እዚሁ አሰፍራለሁ።