የሰልማ ጠመኔ

ሰኞ
ደብዳቤውን ጻፍኩት። አምስት ባለሱቆች ፈረምንበት። «ከካርቱም ተሰዳ የመጣችው ልብስ ሰፊ ሥራችንን ስለወሰደችና ኪራይ ስላስወደደችብን ትነሳልን» ይላል። ለአከራያችን ለእትዬ ዘነበች በእጄ ሰጠኋቸው። የፈረሙት ሁሉ «ከየካ ሚካኤል ባለሱቆች እንዳንቺ የሚጽፍ የለም» አሉኝ፤ ሙገሳ ስወድ!

ግን ምን ላድርግ? ሰልማ ከጎኔ ስፌት ከከፈተች ወዲህ የመጋረጃ ሥራ ከእጄ ወጣ። ኪራይም ተጨመረ። ባለሻይ ቤቱ ጋሽ ተካ «እነሱ ናቸው ያስወደዱት» ይላሉ። ሻይ ቤታቸው ጠዋት ማታ በሱዳኖች ጢም ብሎ ሲውል ግን ትንፍሽ አይሉም።

ማክሰኞ
ሰልማ ብቅ ብላ «ደህና አደርሽ እህቴ» አለችኝ። ክር የምፈልግ መስዬ ቀና አላልኩም።

ሥራ ግን አለ፤ አልዋሽም። ዛሬ ብቻ ሦስት የሀበሻ ቀሚስ። የሁሉም ጨርቅ ጥግ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ትንሽ መቀስ ተስላለች። ሰሞኑን የሚመጣልኝ ሁሉ እንዲሁ ነው። የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ምልክት መሆን አለባት። ማን እንደሆነ ባወቅኩና በመረቅኩት!

ረቡዕ
ጉዴ ፈላ! ሰልማ በር ላይ አንዲት ሴት የጥበብ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። ሰልማ «እኔ ይሄ አልችል፤ እሷ ጎበዝ» ብላ ወደ እኔ በር ጠቆመቻት። ከዚያ ጎንበስ አለችና ጥጉ ላይ መቀስ ሳለች። በሰማያዊ ጠመኔ።

ምንድን ነው አልኳት። «በአገሬ ገበያ እንዲህ ነው። ጎረቤት ላከኝ ማለት።»

የሄደብኝን ሁሉ በሰልማ አሳበብኩ፤ የመጣልኝን ለሽሮ ሜዳ ሰጠሁ። ኪራዩ ጨምሯል፣ ሐሰት አይደለም። ግን እሷም እኮ ያንኑ ትከፍላለች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሐሙስ
የእትዬ ዘነበች ቤት ወደ እንጦጦ መውጫ ዳገቱ ላይ ነው። እያለከለክሁ ደረስኩ። ደብዳቤውን ይመልሱልኝ ልል ስል ቀደሙኝ፤ «እንኳን መጣሽ። መነጽሬ ተሰብሮ አላየሁትም፣ አንብቢልኝ።»

«ሰልማ መልካም ጎረቤታችን ናትና ውሏ ይታደስላት» ብዬ አነበብኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ትኩር ብለው አዩኝ። «ይቺን ለማለት አምስት ሰው ፈረመ?» ወረቀቱን ተቀብለው ትራሳቸው ሥር ከተቱት። «ይሁን። ቅዳሜ ልጄ ሲመጣ ደግሞ ያነብልኛል።»

ዓርብ
ሁለቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገብቼ ለሰልማ ነገርኳት። ደብዳቤው የእኔ፣ ፊርማው የእኔ፣ የትናንቱ ውሸትም የእኔ። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። «ሥራ አለኝ» አለችና ፊቷን አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ልጃቸው ሳይቀድመኝ ሄጄ ለእትዬ ዘነበች የተጻፈውን አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ለምን እንደተሳሳትኩ እነግራቸዋለሁ። ጋሽ ተካ ቢያኮርፉ ያኩርፉ።

ከሰዓት አንድ ሰውዬ መጋረጃ ሊያሰፋ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ጠመኔ አነሳሁና ጥጉ ላይ መቀስ ሳልኩ። ጠማማ ወጣች። «ከጎን ሂድ፣ በመጋረጃ እሷ ትበልጠኛለች» አልኩት።

ገባ። እስካሁን አልወጣም። ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ነው፤ የሰልማ የስፌት መኪና ግን ገና አልተነሳም።