ፈቃዳቸውን ሁለት ጊዜ የተቀበሉት የጠበቃ ፈንታሁን ዓባይነህ የሕይወት ታሪክ

ጠበቃ ፈንታሁን ከአባታቸው ከአቶ ዓባይነህ ይሄነው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የኔአለም ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። በመካነ ሰላምና በደሴ ተምረው በሕግ ዲፕሎማ ያዙ። በ1977 ዓ.ም. ከመምህርት ሸጋዬ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ዘጠኝ ዓመት በወረዳ ዳኝነት አገልግለው በ1988 ዓ.ም. የጥብቅና ፈቃድ አወጡ።

ጋሽ ፈንታሁን እሁድ ሳይቀር ሱፋቸውን ለብሰው መዝገብ የሚያገላብጡ ሰው ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. በግጦሽ መሬት ጠብ ሰው ሞቶ ሁለት ቤተሰቦች ደም ተቃቡ። ፍርድ ቤቱ ቢፈርድም ቂሙ አልበረደም፤ ሁለቱም ወገን ጋሽ ፈንታሁን እንዲሸመግሏቸው ፈለጉ። የሟች ወንድም ሼህ ጀማሉዲን ግን “ጠበቃ እንደሆኑ ከቆዩ፣ ነገ ለእነሱ ላለመቆምዎ ምን ዋስትና አለን?” አሉ። ጋሽ ፈንታሁን በማግስቱ ደሴ ሄደው ፈቃዳቸውን በገዛ እጃቸው መለሱ። ወ/ሮ ሸጋዬ የሰሙት ከተመለሱ በኋላ ስለነበር ሦስት ቀን አኩርፈዋቸዋል።

ሽምግልናው አራት ዓመት ፈጀ። ደሙ ደርቆ ሁለቱ ቤተሰቦች ልጅ ለልጅ ተጋቡ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ፈንታሁን ፈቃዳቸውን ካስቀመጡበት የሚያነሱት መስሏቸው ሄዱ። እንደ አዲስ ይፈተኑ ተባሉ፤ ተፈትነውም ወደቁ። የተሻሩትን አንቀጾች በቃላቸው ያውቋቸው ስለነበር በእነሱ መልሰው ነው። ለሠላሳ ዓመት የሕግ ሰው ይህ ከባድ ሐፍረት ነበር። ከከላላ ድረስ በበቅሎ የመጣን ባለጉዳይ “ፈቃድ የለኝም” ብሎ መሸኘቱ ግን ከሐፍረቱም በላይ አንገበገባቸው። ስለዚህ ወ/ሮ ሸጋዬ እንደ ተማሪያቸው እየጠየቋቸው እንደገና አጠኑ። የመልካም ሥነ ምግባር ምስክር ሲፈለግ ሼህ ጀማሉዲን አብረዋቸው ደሴ ሄዱ። “ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው ላስመልስ” ብለው ፈረሙ፤ ፈተናው እስኪያልቅም በር ላይ ዱዓ ሲያደርጉ ቆዩ። በ2010 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው ፈቃዱ ተመለሰላቸው። የዚያን ዕለት እንደ ልጅ አለቀሱ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው አርፈዋል። ሕመሙ ከጸናባቸው በኋላም ልጃቸውን ሀይማኖትን ልከው የዘንድሮውን ፈቃድ አሳድሰው ትራሳቸው ሥር አኑረውት ነበር። በሕጉ መሠረት አሁን የምንመልሰው እኛ ባለቤታቸው ሸጋዬ፣ ልጆቻቸው ሀይማኖት፣ ታደለና አበቡ ነን። እርሳቸውማ ሁለተኛ ባልመለሱት ነበር።

ለሰው ሲቆሙ ለኖሩት ለጋሽ ፈንታሁን ዛሬ ቅዱሳን ይቁሙላቸው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያሳርፍልን። አሜን።