ወገቤን ያሳረፈች መኪና

ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም. ድሬዳዋ

ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ማመልከቻ የምጽፍባት አሮጌ የጽሕፈት መኪና ተሸክሜያት ስመላለስ ወገቤን ቆረጠችው። ዛሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ቀለል ያለች መረጥኩ። ሻጯ ሐዋ፣ «ወላሎ ወንድሜ፣ ይቺ እኮ እንደ ሕፃን ትታቀፋለች!» አለችኝ። እውነቷን ነው።

እንዳቀፍኳት በቀጥታ ቀበሌ ወሰድኳት፤ ያልተመዘገበ መኪና ይዞ የተገኘ ወረቀት በታኝ ተብሎ ይጠረጠራል። ሊቀመንበሩ ፈቃድ ሊሰጠኝ ቢነሳ የቀበሌው የጽሕፈት መኪና ተበላሽቷል። «ጓድ፣ በራስህ መኪና ምታው» አለኝ። ደስ ብሎኝ መታሁለት። ፈረመ፣ ማኅተም አደረገበት፣ ከዚያ አንዴ አነበበውና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ፈቃድ የተጻፈው ባልተፈቀደ መኪና ነው!»

መኪናዬ እዚያው ታስራ ቀረች። እንድትፈታ ማመልከቻ አስገባ ተባልኩ፤ በእጅ የተጻፈ ደግሞ አይቀበሉም። ነገ ያቺኑ ወገብ ቆራጭ ተሸክሜ እወጣለሁ።