የተነቀለው ሚስማር

ሰይዴ፣ የልጄ አባት፤

ከተለያየን ሃያ አምስት ዓመት ሆነን። አንተ እዚያው መዳብ ጉድጓድ ውስጥ ቀረህ፤ እኔ ልጃችንን ዘሃራን አዝዬ አገሩን ለቅቄ ወጣሁ። አሁን ቦሌ ሚካኤል ነን። ዘሃራ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። እኔም ካረጀሁ በኋላ ፊደል ቆጥሬ፣ ይኸው በገዛ እጄ እጽፍልሃለሁ።

ጦርነቱ መንገዱን ሳይዘጋው ከዚያ አገር የመጣ አንድ እንግዳ ሆቴሉ ውስጥ ረስቶት የሄደውን ቀጭን መጽሐፍ ዘሃራ አመጣችልኝ። ስለ እኛ ከተማ ነው። ማዕድኑ ከቆመ ወዲህ መጎብኛ አድርገዋታል። ቋንቋው የዚያው አገር ቢሆንም ፊደሉ ያው ነውና እየተንተባተብኩ አነበብኩት። ፉርጎዎቹን ቀለም ቀብተዋቸዋል። በአንድ ቧንቧ ስንጣላ የኖርንበት የሠራተኛ ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። አረንጓዴው ድንጋይ ለአንገት ጌጥ ይሸጣል። አንተ በጥፍርህ ሥር ይዘኸው ትገባ የነበረው ነው። ከተማዋን አይቶ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይበቃል ይላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልጨረስኳትም።

መጨረሻው ገጽ ላይ የጉድጓዱ በር ሰሌዳ ፎቶ አለ።

ስትገቡ ስማችሁ የተቀረጸበትን የመዳብ ቁራጭ ሰሌዳው ላይ ትሰቅሉ ነበር፤ ስትወጡ ታነሱታላችሁ። የተሰቀለ ካለ ሰውየው ገና ከታች ነው ማለት ነው። እኔ ማንበብ ስለማልችል ያንተን የማውቀው በቦታው ነበር፤ ከላይኛው ረድፍ ዳር ላይ።

ጉድጓዱ የተናደ ዕለት ሮጬ ስደርስ ቦታህ ባዶ ነበር። የቁፋሮው አለቃ ወረቀት ይዞ ያልወጣው ማን እንደሆነ ሲጠይቀን፣ የኔ ወጥቷል አልኩት። እሱም አመነኝ። ቤት ገብቼ የምትታጠብበትን ውሃ ጣድኩልህ። እነሱ በሌላው በኩል ቆፍረው ሦስት ሰው በሕይወት አወጡ። ባንተ በኩል የሚቆፍር አልነበረም። ውሃው ፈልቶ አንተ ሳትመጣ ስትቀር ተመልሼ ብጮህ፣ አፈሩ ሁለተኛ ተንዶ ዘግቶት ነበር።

አለቃው፣ ሚስማርህ ተነቅሎ ስለነበር ታችኛው ረድፍ ላይ ሰቅለህ መግባትህን ነገረኝ። ነይና እዪው ቢለኝ አላይም አልኩ። ጥፋቱን ሊሸፍን እሱ ያዛወረው መሰለኝ። ይኸን ሁሉ ዓመት ረገምኩት። ዘሃራም እርግማኑን ከጡቴ ጋር ጠብታ አደገች፤ አባቴን የገደለው እሱ ነው ትላለች።

ፎቶው ላይ ግን ከላይኛው ረድፍ ዳር ያለው የተነቀለው ሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው። ስምህ ታች ተሰቅሏል፤ አለቃው እውነቱን ነበር። ጣቴን እያስኬድኩ ሰባት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ለማወቅ ከሆነ ፊደሉን ምነው ባልተማርኩ።

አውሮፕላኑ በጣራችን ላይ እያጓራ ያልፋል፤ ወዳንተ የሚሄድ ግን አንድም የለም። ቢኖር ሄጄ ስምህን ከዚያ ሰሌዳ ባነሳሁት። አለቃውንም፣ በሕይወት ካለ፣ እግሩ ላይ ወድቄ አፉ በለኝ ባልኩት። ሁለቱም ተዘጋብኝ። ያንተን ምሕረት ደግሞ ከማን አፍ እሰማለሁ?

የፊታችን ጁምዓ ዘሃራ ሥራ የላትም። አጠገቤ አስቀምጬ ሁሉንም እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ እናቴ ትበለኝ ወይም ትተወኝ፣ የእሷ ፋንታ ነው።

አልረሳህም ሰይዴ። እስከ ዛሬ ሳስታውስህ የሰው ጥፋት እየቆጠርኩ ነበር። ከእንግዲህ ዱዓ ባደረግሁልህ ቁጥር፣ የኔ ወጥቷል ያልኩትንም አብሬ አስታውሳለሁ።

ሚስትህ ፋጡማ